አጎቴ ቤት የገቡት ሽማግሌዎች

ለወንድሜ ባልንጀራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አለች። በስልክ ባወራህ መስመሩ ተቆራረጠ ትለኛለህ፤ ስለዚህ በመንገደኛ እጅ ጻፍኩልህ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። ያው ከሸዋ ሮቢት በላይ፣ ኮረብታው ላይ ካለው የወፍ መመልከቻ ጣቢያ ነኝ። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ነፋሱ ፋታ አልሰጠንም። በነፋስ ወፍ የምንይዝበት መረብ አይዘረጋም፤ ሲወጠር የወፎቹን ክንፍ ይሰብራል። ስለዚህ ጠቅልለን አስረነው፣ የመነጽሩን እግር በድንጋይ አስደግፈን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ጭልፊትና ንስር ስንቆጥር እንውላለን። የጣቢያው ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚንኳኳ የምናወራው እየተጯጯህን ነው። ምሳችንም ግማሹ አቧራ ነው። ሰሞኑን ጀርባዋ ላይ መከታተያ የታሰረላት አንዲት ንስር ጠፋች ተብሎ ከውጭ አገር ተደወለ። አለቃችን ዮናስ ከጀውሃ እስከ ማጀቴ ገበሬውን ሁሉ ሲጠይቅ ሰነበተ። ለወፍ! እኔ አብሮህ የሄደውን ወንድሜን የምጠይቀው አንተን ብቻ ነው።

አንተም በደወልክ ቁጥር፣ ኸድር ደህና ነው፣ ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል፣ አሠሪው ስልክ ከልክሎት ነው ትላለህ። እማዬ ይህን ሰምታ ትመርቅሃለች። ያን ሁሉ ምርቃት እንዴት አድርገህ ዋጥከው?

ባለፈው ጁሙዓ እኔን ሊጠይቁልህ ሽማግሌዎችህ መጡ። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አቧራዬን ልታጠብ ሮጥኩ። እነሱ ግን ደጃችንን አልፈው አጎቴ ሙዐዊያ ዘንድ ገቡ። ለኒካሁ ወልይ ሆነው ይዳሯት፣ ልጁ አደራ ብሎናል አሉት። አጎቴ ግራ ገብቶት፣ ወንድሟ እያለ እኔ ምን አግብቶኝ፣ በስልክም ቢሆን እሱ ይፍቀድ አላቸው። እነሱም፣ ልጁ ወደ እርስዎ ብቻ ሂዱ ነው ያለን ብለው አንገታቸውን ደፉ።

አባት የሌላትን ልጅ ወንድሟ እያለ አጎቷ እንደማይድራት አንተ ትስተዋለህ? አንድ ሸኽ ዘንድ አብረን አይደል ኪታብ የቀራነው? እናቴን መዋሸቱን አልፈራህም፤ ኒካህህ እንዳይበላሽ ግን ፈራህ።

እማዬም ጠርጥራለች፤ ግን እስካሁን አላለቀሰችም። ምስክር ሳይገኝ ለቅሶ አልቀመጥም፣ ተዕዚያ አልቀበልም ትላለች። ዛሬም የኸድርን ድርሻ ከድስቱ ቀንሳ አስቀምጣለች። እኔ ሞቷል ልላት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደውለህ አንተው ንገራት፤ የት እንደተለያችሁ፣ አስከሬኑን ማን እንዳጠበው፣ ያጠበውም ካለ።

አላህ ለእሷ ሶብሩን፣ ለአንተ ደግሞ እውነት የሚናገር ምላስ ይስጥህ። ለሽማግሌዎችህ መልስ ሰጥቻለሁ። እሺ ብያለሁ። ወልዬ ግን ወንድሜ ነው፤ እሱን አስፈቅደህ ና።

የባልንጀራህ እህት