የማይዘጋው ሱቅ እንግሊዝኛ

ጥር 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ማክሰኞ። እንጅባራ እንደ ልማዷ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ጠዋት የጋሼ ሽባባውን ሱቅ ከፈትኩ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ... ያው ነው።

ከሰዓት ጓደኛዬ ክንዴ ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ጮኸ። «ዋጋዬ! ዳንግላ አዲሱ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል!» ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ። «ፈተናው በቃል ነው። በእንግሊዝኛ።»

አለቀልኝ። አምና ባሕር ዳር እንዲሁ ተጠርቼ አልነበር? «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ቀረሁ። ሰዋስው ይጠይቁኝ፣ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ጨው አቀብሉኝ ማለት ግን... እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች። ይሄኛውም ካልሆነ ጥሊሊ ሄጄ ከአጎቴ ጋር ድንች እነግዳለሁ። ድንች ጠልቼ አይደለም። አጎቴን ነው።

ጥር 24

ትናንት የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለነበር ከተማው ሁሉ ዛሬ ያዛጋል።

ናኦሚ ልታስተምረን ተስማማች! ጃፓናዊት ናት። ግብርና ቢሮ ትሠራለች፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከጋሼ ሽባባው ተከራይታለች። ተማሪዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ክንዴና ጋሼ ሽባባው። ጋሼ «በገዛ ቤቴ ሲወራ እንዴት አይገባኝም» ብለው ነው የተመዘገቡት።

መጽሐፍ የላትም። ያላት ካርቶን ነው። እናቷ ከሰፈራቸው ሱቅ እየገዛች የላከችላት የሚበላ ነገር ሞልቶበታል። ሱቁ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም አለችን።

ጋሼ ደነገጡ። «ባለሱቁ መቼ ሊተኛ ነው? ቅዳሴስ መቼ ይደርሳል?»

ናኦሚ ከካርቶኑ ቀይ፣ ጭምድድ ያለ ፍሬ አደለችን። ክንዴ እንዳለ ጎረሰው። አንድ ዓይኑ ተዘጋ፣ አፉ ወደ ጆሮው ሄደ፣ ትከሻው ተነሣ። ናኦሚ ጣቷን ወደ ፊቱ ቀስራ «ሳወር!» አለች። ስንት ዓመት ከተማርኩት እንግሊዝኛ ይልቅ የክንዴ ፊት ገባኝ።

የካቲት 3

ክራንቺ። ስቲኪ። ሶልቲ። ኩርሽም የሚል፣ የሚጣበቅ፣ ጨው ጨው የሚል።

ዛሬ ጥቁር፣ ስስ፣ ወረቀት የመሰለ ነገር አመጣች። የባሕር ቅጠል ነው። ጋሼ ካርቦን መስሏቸው በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ሊጽፉበት ሞከሩ። ከዚያ ቀመሱት። «ካርቦኑ ይሻል ነበር።»

ክንዴ ሳያፍር ይለፈልፋል። ግማሹ ስሕተት ነው፣ ግን ናኦሚ ትረዳዋለች። እኔ? «ትወጂዋለሽ?» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። «ለምን?» ስትለኝ... አሁንም ነቀነቅሁ። ለምን የሚል ጥያቄ በመነቅነቅ ይመለሳል?

ስንወጣ ክንዴን እንዴት እንደማያፍር ጠየቅሁት። የዘንገና ልጅ ነው፣ ቤታቸው በአገውኛ ነው የሚያወሩት። «አማርኛም ትምህርት ቤት ስገባ ነው የመጣብኝ። ያኔ ተስቆብኝ አልቋል። ለእንግሊዝኛ የሚተርፍ እፍረት የለኝም» አለ። ቀናሁበት።

የካቲት 8

ቅበላ። እስኪበቃን በላን። ፈተናው መጋቢት 10 ሆነ። ሆዴን ሞልቼ እንኳ ፈራሁ።

የካቲት 10

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ናኦሚ መጾማችንን አጣርታ ነው የመጣችው። «ኖ ሚት፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግ» አለች፣ ኮርታ። አንድ ከረጢት ከፈተች። ቀጭን፣ የተጠበሰ፣ ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚል ነገር። ክራንቺ! ሶልቲ! ቃላቱን እየጮህን ከረጢቱን ጨረስን። ጋሼ ፍርፋሪውን በጣታቸው እየለቀሙ ነበር።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ከረጢቱን ገለበጡ። ሥዕል አለው። ቀይ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እግሩ የበዛ፣ ከግንባሩ ረጃጅም ክር የወጣለት...

«አንበጣ!» አሉ ጋሼ።

ክንዴ ሊተፋ ወደ ውጭ ሮጠ። የሚተፋው ነገር ግን ካለቀ ቆይቷል። ናኦሚ እጇን እያወናጨፈች «ሽሪምፕ! ሽሪምፕ!» ትላለች። ስሙን ማን ያውቀዋል? የት ነው የሚኖረው፣ ይዘላል፣ ይበራል... ይህችን ብጠይቅ ነገሩ ይለይለት ነበር። አልጠየቅሁም። በሁዳዴ አንበጣ በልቼ አፌን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የካቲት 11

ሌሊቱን ሆዴ ውስጥ ሲዘል አደረ። በጠዋት የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ ማርያም ዘንድ።

«አባቴ፣ አንበጣ በላሁ።»

«ወዴት አግኝተሽ?»

«ከጃፓን ነው።»

መስቀላቸውን ወደ ጉልበታቸው አወረዱ። ትንሽ ድፍረት አገኘሁና «መጥምቁ ዮሐንስም በልቷል አይደል?» አልኩ።

«የሱ ቅጠል ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ያንቺው እግር አለው?»

«ብዙ።»

«ከምድር ነው ከባሕር?»

«አላውቅም አባቴ።»

«ሰጪዋን አልጠየቅሽም?»

«በእንግሊዝኛ ስለሆነ... አፍራለሁ።»

ተቆጡ። «ለመብላት የተከፈተ አፍ ለመጠየቅ ምን ዘጋው?» ስግደት ሰጡኝ። ደግሞም አዘዙኝ፤ ምኑንም ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ እንዳልቀምስ። ስሰናበት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይጣፍጣል?» አሉ።

«ክራንቺ ነው አባቴ።»

የካቲት 15

ጉልበቴ ከስግደቱ ገና አልተመለሰም። ንስሐ ነውና ጠየቅሁ። ውስጡ ምን አለው አልኳት፦ ወት ኢዝ ኢንሳይድ? ናኦሚ ዞራ አየችኝ። ስጠይቅ ሰምታኝ አታውቅም ማለት ነው።

ሩዝ አለች። ሌላስ? ጨው። ይሄ ጽሑፍስ? ዘይት። የምን ዘይት? ከየት ይመጣል? ማን ይሠራዋል? ሲሠራ ቅቤ አይነካውም? ናኦሚ ላብ አላባት፣ መዝገበ ቃላት አወጣች። የማክሰኞውም ተጣራ፤ ባሕር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አይበርም። ክንዴ «እሰይ» አለ። ጋሼ ግን «ከባሕርም ቢሆን እግር አለው» ብለው ጸኑ።

ዛሬ የቀመስነው አንዲት የሩዝ ብስኩት ብቻ ነው። ሰዓቱ በጥያቄዬ አለቀ።

መጋቢት 10

ዳንግላ። አቶ አዝመራው የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። አጠገባቸው ከአዲስ አበባ የመጣች አማካሪ ተቀምጣለች፤ ጠያቂዋ እሷ ነች። ገና ሳልቀመጥ ብስኩት አቀረበችልኝ። ንስሐዬ ትዝ አለኝ። ፈተናው ሳይጀመር እኔ ጀመርኩ። ወት ኢዝ ኢንሳይድ? ወተት አለው? እንቁላልስ? አንብባ መለሰችልኝ፣ ደግሜ ጠየቅሁ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወተት ነበረበት። አመስግኜ መለስኩላት።

ከዚያ ያው መጣ። ስለ ራስሽ ንገሪኝ።

ግድግዳው ላይ ሰዓት አልነበረም። ያለኝ ቃል ደግሞ የናኦሚ ካርቶን ብቻ። በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ ጣፋጭ አይደለሁም። ትንሽ ጨው ጨው እላለሁ። ከውጭ ደረቅ ነኝ፣ ከውስጥ ለስላሳ። ጠዋት ጠዋት ኮምጣጣ ነኝ፣ ከሰዓት ይሻለኛል።

ሴትየዋ ሳቀች። አቶ አዝመራው «ምን አለች?» አሉ። ተረጎመችላቸው።

«ስለ ምግብ ነው ስለ ሰው?»

አላለፍኩም መሰለኝ። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ እንጅባራ ድረስ ድንች ድንች ሸተተኝ።

መጋቢት 17

ተደወለ! እንግዳ መቀበሉን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። ለእኔ ምግብ አዳራሹን። የፈረንጆቹን ትእዛዝ የምቀበለው እኔ ነኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ ከዚያ ሱቁ ውስጥ ዘለልኩ፣ ሳሙናው ተደረመሰ። ጋሼ ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። ናኦሚ አቀፈችኝ።

እናቴ «ምግብ ቤት ከሆነማ ድንቹ አልቀረልሽም» አለች። ግን ማታውኑ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች።

ሚያዝያ 12

የመጀመሪያ ቀኔ። ፋሲካ ስላለፈ ሁሉም ይበላል። ምሳ ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ሦስት ፈረንጆች ገቡ። አንዷ ሽሮው ሥጋ እንዳለው ጠየቀችኝ። የለውም አልኳት። ሽምብራውን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ እንዴት ስቲኪ እንደሚሆን አስረዳኋት። ከዚያ እኔ ተራዬን ያዝኩ። ስፓይሲ፣ የሚያቃጥል ይወዳሉ? አገራቸው ምን ይበላል? ሱቃቸው ሌሊት ይዘጋል? እየበሉ ይመልሳሉ፣ እየመለሱ ይስቃሉ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ።

አቶ አዝመራው ከባንኮኒው ጀርባ ተጣሩ። «አንቺ ልጅ፣ ዝም በይና ይብሉበት!»

በእንግሊዝኛ ሳወራ ዝም በይ የተባልኩት በዕድሜዬ ገና ዛሬ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ።