ዶሮውን ማን በለተው?

ውድ ልጄ ሜላት፣

ደብዳቤ ስንጽፍ «እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለን እንድንጀምር ነበር ያስተማሩን። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ እንደዚያ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ «አባዬ» ስትዪኝ ግን ምላሴ ይታሰራል። የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ በቻለው መጠን እጽፍልሻለሁ፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በዪኝ።

ከጥምቀት በኋላ ለእረፍት መጥተሽ ያስሞላሽኝ ቅጾች ውሸት ናቸው። ዘጠኙም። ያስዋሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ትዝ ይልሻል፣ ሱቄ መጥተሽ ሰዓት በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን ዘርግተሽ አስረዳሽኝ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ሚስት የሞተችባቸው ወንዶች ምን እንደሚበሉ ነው። «ከእድራችሁ እንደዚህ ያሉትን ፈልግልኝ። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ የበሉትን፣ ማን እንዳበሰለው፣ ከማን ጋር እንደበሉ ይጻፉ። እንዳታሳምሩልኝ ብቻ!» አልሽኝ እየሳቅሽ።

አንቺ ወደ ትምህርትሽ በተመለስሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹን ጊዮርጊስ ደጅ ሰበሰብኳቸው። ጋሽ አጥናፉ እስክሪብቶውን ይዞ ተከዘ። «እኔ አሁን ዳቦ በሻይ ብዬ ልጻፍ? ‹ዘርፌ ባሏን ጦሙን አስቀርታው ሄደች› ይበሉ?»

«ታዲያ ዘርፌ በነበረች ጊዜ ታበላህ የነበረውን ጻፋ!» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ሠርግ ቤት ሆነ። አንዱ ምንቸት አብሽ ሲል ሌላው ክትፎ ጨመረበት። የሰባቱን ቀን በአንድ መቀመጫ ጨረስነው። አጥናፉ ለእሑድ ዶሮ ጻፈ።

«ማን አረደልህ?» አልኩት።

«ራሴ ነዋ! ወንድ አይደለሁ እንዴ?»

«እሺ፣ ማን በለተው?»

ቀልዴን ነበር። አጥናፉ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። የጻፈውን የሰረዘም የለም።

ሌላም የምናዘዝልሽ አለኝ። የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ ትምህርት የደረሰሽ ጊዜ አኩርፌ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ሳይንስ ነው የምትማረው» ብዬ ወሬ እቀይር ነበር። አንድ ቀን እናትሽ ሰማችኝ። «አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ወረቀት የሠራሁትን ልጄ በወረቀት ብትማረው ምን ያሳፍርሃል?» ነገሩ የገባኝ እሷ ካረፈች በኋላ ነው፣ የሽሮውን ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ከነመብራቱ ሳጣው። ቀድሞ ጎረቤት ነበር፣ «ጋሽ እምሩ፣ ቅመሱ» የሚል። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ።

ባለፈው ወር ደወልሽልኝ። «አባዬ፣ የፈራሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሰዎቹ በደንብ ይበላሉ። ድጋፍ አያስፈልጋቸውም ብዬ ነው የምደመድመው። ጥናቱን የጀመርኩት አንተን እያሰብኩ ነበር፤ አሁን ግን ልቤ አረፈ» አልሽኝ። የሰው ሰዓት ከፍቼ ይዤ ነበር። ሳልጠግነው መልሼ ዘጋሁት።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «የተዋሸችው እሷ፣ የምትናገረው ለእኔ?» አሉኝ።

ስለዚህ ባዶውን ቅጽ ስድስት ኪሎ ወስጄ አባዛሁና የራሴን በየዕለቱ ሞላሁ። ሰኞ፣ ዳቦ በሻይ። ማክሰኞ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ የገዛሁት ሁለት ሙዝ። ረቡዕ፣ ምንም። እጄ «ጾም» ብሎ ሊጽፍ ተነሣ፤ ለካ በዓለ ኃምሳ ነው! ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እዚያች ላይ ቆምኩ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ብቻዬን መቁረስ ከብዶኝ የተውኩትን ማዕድ ሁሉ ጾም ብዬ ለእግዚአብሔር ሳቀርብለት ኖሬያለሁ። አንቺም «በላህ?» ስትዪኝ «ጾም ነው» እልሻለሁ። አንቺን አታለልኩ። እሱን ግን ማን ያታልለዋል?

ለሌሎቹም ቅጹን አዳረስኩ። ስድስቱ እንደገና ሞልተዋል፣ እውነቱን። ሁለቱ እምቢ አሉ፤ አትቀየሚያቸው። ሰባቱን ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ጽሑፍሽን ሰኔ ላይ እንደምታቀርቢ አውቃለሁ፤ ምርቃትሽ በእኔ ጥፋት ሊዘገይ እንደሚችልም አውቃለሁ። ለአስተማሪዎችሽ «አባቴ ዋሸኝ» በያቸው። ስሜንም ጻፊው። ብቻ ደህና ናቸው ብለሽ አትደምድሚ።

አጥናፉ ቅጹን ያመጣልኝ እሑድ ዕለት ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እንካ፣ ውርደቴን ተቀበል» አለኝ።

«ግባ፣ ሽሮ ልሥራ» አልኩት።

«ትችልበታለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እገባለሁ፤ ብቻህን ቤት እንዳታቃጥል» አለና ጫማውን አወለቀ።

ሽሮው ጓጎለብን። ውኃው ነው የሚቀድመው ወይስ ዱቄቱ፣ ስትመጪ ታስተምሪኛለሽ፤ ከእንግዲህ የምትማሪውን ማንም ቢጠይቀኝ ስሙን ሳላሳጥር እናገራለሁ። የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ። የእኔን ቅጽ የመጨረሻ መስመር እንዳታልፊው፣ እዚህም ልገልብጥልሽ፦

እሑድ። የተበላው፦ ሽሮ፣ ከሥሩ ያረረ። ያበሰለው፦ እኔ። አብሮ የበላው፦ አጥናፉ።

አባትሽ እምሩ