አንበሳሜ ያለችው ዱባይ

ሐምሌ 3
ዝናብ። መሐመድአወል ሱቅ በረንዳ ላይ የዓለምን ነገር ስንፈታ ዋልን። በባሕር ማዶው ጦርነት ምክንያት መርከብ ባሕር ላይ ቆሟል ተብሎ የማዳበሪያው ነገር አሳሰበን። ቄስ ኪዳነ ማርያም ከቁሐር ሚካኤል ድረስ ጭቃ ረግጠው መጥተዋል። "መምህር፣ ባሕሩ የቱ ነው?" አሉኝ። በከዘራዬ ጫፍ ጭቃው ላይ ሣልኩላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ባሕር የት እንዳለ አይጠፋውም። አይቶት ባያውቅም...

ሐምሌ 7
ብርክቲ ደወለች። ልጄ ዱባይ ከሄደች ስምንት ዓመቷ። በስልክ መስኮት ካልሆነ ተያይተን አናውቅም።
"አባዬ፣ ቪዛህ ወጣ። ቲኬትም ቆርጬልሃለሁ። ከሐምሌ 13 ጀምሮ አሥራ አራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሁለት ዓመት ፈቃድ የለኝም።"
ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ትዝ አለኝ። ለካ የሚወስደኝ አውሮፕላን ነው! ይህ ለማን ይነገራል? አውሮፕላን ለምን እንደማይወድቅ ለስንት ተማሪ ያስረዳሁ ሰው...

ሐምሌ 12
ሽኝት። የወረታ ግማሹ ቤቴ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ። ጎረቤቴ እማዋይሽ ቅቤ በጣሳ ይዛ መጣች።
"ለልጄ ስጥልኝ።"
"አድራሻዋስ?"
"ዱባይ ናት አልኩህ እኮ። ጠይቅ፣ ያሳዩሃል።"
የበረንዳው ባልደረባችን አንለይ ደግሞ አምስት ኪሎ የፎገራ ሩዝ አሸከመኝ። "ቅመሱ በላቸው። የእኛን ሳያውቁ ይሙቱ እንዴ?" ቄስ ኪዳነ ማርያም ቆመው መረቁኝ፦ "ሚካኤል በክንፉ ይውሰድዎ፣ በክንፉ ይመልስዎ።" ክንፍ ሲሉ ዓይኔን ጨፈንኩ።
እንዲህ የተሸኘ ሰው እንግዲህ ከመንገድ አይመለስም። ቢሞት ይሻለዋል።

ሐምሌ 13
አልሄድኩም።
ባሕር ዳር አየር ማረፊያው በር ድረስ ደረስኩ። ሰማዩ ጥቁር ደመና። አንዱ አውሮፕላን ተንደርድሮ ሲነሣ አየሁት... በቃ፣ እግሬ እምቢ አለ። ለብርክቲ "ትኩሳት ያዘኝ፣ ቀኑን አስለውጪልኝ" አልኳት። ወረታስ በምን ፊቴ ልግባ? ሐሙሲት ላይ ወርጄ ወደ አንበሳሜ ታጠፍኩ። ታላቅ እኅቴ አገኘሁሽ፣ እታለም የምላት፣ ከነሻንጣዬ ደጇ ላይ ስታየኝ፦
"ዱባይ እንዲህ ቅርብ ናት?"

ሐምሌ 16
የበረንዳው ሰዎች የድምፅ መልእክት ላኩ። ዱባይ እንዴት ነው? ስለ ጦርነቱስ እዚያ ምን ይባላል? እኔም ቀረጽኩላቸው፦ "ሙቀቱ አይጣል ነው። ሕንፃው ሰማይ ይነካል..." የእታለም አውራ ዶሮ መሃል ገብቶ ጮኸ። አንለይ ወዲያው መለሰ፦
"ዱባይ ዶሮ አለ እንዴ?"
"ከውጭ ያስመጣሉ" አልኩ። ምን ልበል?
ዳቦ ቆሎውን ከእታለም ጋር ጨረስነው። የእማዋይሽን ቅቤ ግን አልነካንም። ትንሽ ኅሊና ቀርቶልኛል።

ሐምሌ 18
ብርክቲ።
"ተሻለህ አባዬ?"
"ትንሽ ሳል..."
"እሺ። አልጋህን አንጥፌያለሁ።"
ከፈቃዷ አምስት ቀን በላሁባት። ዘጠኝ ቀራት። አልጋ አንጥፋ የምትጠብቅ ልጅ... እኔ ምን ዓይነት አባት ነኝ?

ሐምሌ 20
ጉድ ሆንኩ። የገበያ ቀን ነው፤ እታለም ጨው ግዛ ብላ ላከችኝ። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወጣሁ። ከበርበሬው ጆንያ ማዶ ማን ቆሟል? መሐመድአወል! ለሱቁ በርበሬ ሊገዛ መጥቶ። ቶሎ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ባላነሣው መጮሁን አይተውም፤ አነሣሁት።
"መምህር፣ ዱባይ እንዴት ነው?"
"ሙቀት ነው ወንድሜ።"
"እንዲያ ከሆነ ጋቢውን አውልቀዋ!"
ስዞር ከኋላዬ ቆሞ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ፣ በሳቅ እንባው ይወርዳል። መሬት ብትከፈት በገባሁ።
ሻይ ቤት ወሰደኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይህን ጊዜ አልሳቀም።
"እኔ ሐጅ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠውን፣ የማላውቀውን ሰው እጁን ይዤ ነው የደረስኩ። ሰውየው ሲወርድ ጣቱን ያሽ ነበር። መፍራትህ ነውር አይደለም። ልጅቱን ማስጠበቅህ ነው ነውሩ። ስንት ቀን ቀራት?"
"ሰባት።"
"በል ዛሬውኑ ደውልላት። ነገ እኔው ራሴ እሸኝሃለሁ።"

ሐምሌ 22
ዱባይ። እውነተኛዋ።
በረርኩ! መሐመድአወል ከበሩ አልነቃነቅም ብሎ እስክገባ ቆሞ አየኝ። ከጎኔ የነበረች አንዲት እናት እጇን አበደረችኝ። ባሕሩንም ከላይ አየሁት። አንድ ዓይኔን ገልጬ።
ብርክቲ መውጫው ላይ ነበረች። አቀፈችኝ፣ አልለቅም አለች። አለቀስኩ። ታክሲ ውስጥ እውነቱን ልናገር ጀመርኩ።
"ልጄ፣ ትኩሳት አልነበረም..."
"አውቃለሁ። አንበሳሜ ነበርክ።"
ስልኳን አሳየችኝ። ካርታ። ላዩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ። ይህን ስልክ ከሦስት ዓመት በፊት ስትልክልኝ ያለሁበትን እንዲያሳያት አድርጋ ኖሯል።
"ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልገባ አይሃለሁ። በረንዳው ላይ ከሆንክ ሰላም ነው እላለሁ። ግንቦት ላይ ሁለት ቀን ከቤት ሳትወጣ ቀረህ፤ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። አሁን ደግሞ አንበሳሜ ላይ ስትቆም... ነገ ይነሣል፣ ነገ ይነሣል እያልኩ ጠበቅኩ።"
"ለምን አትነግሪኝም?"
"ብነግርህ ታፍራለህ።"
ነጥቧ እዚያው መንገድ ላይ ከእኛ ጋር ትሄዳለች። የልጄን እጅ ይዤ ነጥቧን እያየሁ ሄድን።

ነሐሴ 2
ወረታ። ከመጣሁ አምስተኛ ቀኔ። ሁሉንም ለበረንዳው ተናግሬአለሁ። አንለይ ከዚያ ወዲህ ስሜን ትቶ "ዶሮ አስመጪው" ይለኛል። የእማዋይሽን ልጅ ብርክቲ ሀበሾችን ጠይቃ አገኘቻት፤ ቅቤው ደረሰ። "ጠይቅ፣ ያሳዩሃል አላልኩህም?" አለችኝ እማዋይሽ።
ዛሬ ጦርነቱ ቆሟል፣ አልቆመም ተብሎ ክርክር ነው። ቄስ ኪዳነ ማርያም "መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" አሉ። አልሰማኋቸውም። ስልኬን እያየሁ ነበር። ብርክቲ የራሷን ነጥብ አስገብታልኛለች። ከቤቷ ወጥታለች... ድልድዩን አለፈች... አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ... ተነሣች።
"ገባች!" አልኩ።
"ማን?" አሉኝ በአንድነት።
"ልጄ። ሥራዋ ገባች።"
መሐመድአወል "አልሐምዱሊላህ" አለ። ቄሱም "ተመስገን" አሉ። ከዚያ ወደ ጦርነቱ ተመለስን።