እኔ መሆኔን ሦስት ሰው ይመስክር

ጥር 13፣ ረቡዕ

አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ መታሁት። አራት! ጣቴ አንድ ፊደል ሲነካ ጎረቤቱንም ይዞ ይወርዳል። "ማዳበሪያ" ብዬ የመታሁትን ራሴም ማንበብ አቃተኝ። የመ/ቤታችን ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው አዩት። ሌሊሴ፣ ካንቺ የፈጠነ ታይፒስት አልነበረንም፣ ምን ነካሽ አሉኝ። ራሴን ያመኛል አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ከዓይኖቼ ኋላ፣ መሃል ለመሃል።

ያልነገርኳቸው፦ የጋብቻ ቀለበቴን ባለፈው ሳምንት ብረት ሠሪው በመጋዝ ቆርጦ ነው ያወጣልኝ። ጫማዬ 37 ነበር፤ ዛሬ የባሌን 41 አድርጌ ነው ቢሮ የምገባው። አልወፈርኩም። እጅና እግሬ ብቻ። ሰው በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ያድጋል? ማንን ልጠይቅ? አንቺን ብቻ፣ ደብተሬ።

ቅዳሜ ከአምቦ ጌዶ እሄዳለሁ። ባሌ ቶላሳ እዚያ መምህር ሆኖ ከተመደበ ሁለተኛ ዓመቱ። ከመስከረም ወዲህ አላየኝም። ሲያየኝ ምን ይል ይሆን?

ጥር 16፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ጌዶ አልደረስኩም።

ከጉደር አለፍ ብሎ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። መታወቂያ አወጣን። ሚሊሺያው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ፎቶውን። የተጋባን ዓመት የተነሳሁት ነው። የማን ነው አለኝ። የኔ ነው አልኩት። የጎረነነ ድምፄን ሲሰማ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

"ወንድ ነህ! ውረድ!"

ሰሞኑን አፈሳ አለ። ከውትድርና ለማምለጥ ቀሚስ ለብሰው የሚያልፉ ልጆች አሉ ይባላል። ጎትቶ አወረደኝ። ሻሼን ገፈፈው። "አኒ ዱበርቲዳ! ሴት ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ብጮህ ባሰ፤ የገዛ ድምፄ መሰከረብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ እግር እግሩን ያያል። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ።

ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴት አስጠሩ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገብታ ፈተሸችኝ። ጨርሳ ቀሚሴን በራሷ እጅ አስተካከለችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኦቦሌቲኮ፣ ማል ታቴ?" አለችኝ፤ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?

ከጠመንጃው ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ከብት በጫነ መኪና ተመለስኩ።

ጥር 17፣ እሑድ

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። የሠርጉን ፎቶ ከመስተዋቱ ጎን አቆምኩት። አፍንጫዬ ሰፍቷል። መንጋጋዬ ወደፊት ወጥቷል። ጥርሶቼ ተራርቀዋል፣ ግንባሬ ከቅንድቤ በላይ ጎልቷል። መቼ? በየቀኑ ፊቴን እየታጠብኩ እንዴት አላየሁትም? ሚሊሺያው ልክ ነው። ይቺ የፎቶው ልጅ እኔ አይደለሁም።

ከሰዓት አማቴ አዴ ዲንቄ ከጉደር መጡ። የኬላው ወሬ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጡም። ልጅ ሳትወልድ የቆየች ሴት ወደ ወንድነት ትሄዳለች ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ፈርተዋል። እኔም ፈራሁ፣ ምክንያቱም የማያውቁት አለ። የወር አበባዬን ካየሁ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነኝ ነው። ለቶላሳም አልነገርኩትም።

እሳቸውን ስሸኝ የበሩ መቃን ትከሻዬን መታኝ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ። አላየሁትም፣ በቃ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣት ሐኪም። ካርዴን ሳያነብ እጄን ያዘና አገላበጠው። የጫማ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። ይሄን ማን ነገረው? የድሮ ፎቶ አለሽ ወይ አለኝ። መታወቂያዬን ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

አፍንጫዬን ብቻ እያየሽ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ንገሪኝ አለኝና ሁለት እጆቹን ወደ ግራና ቀኝ ዘረጋ። ጠበቅሁ። መቼ ትጀምራለህ አልኩት። ጀምሬያለሁ አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ኋላ፣ አተር የምታህል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ይሏታል። ዕጢ ሲለኝ ካንሰር መስሎኝ ጮህኩ። አይደለም አለ፤ ይህቺን ሰው ሁሉ ይዟት ይወለዳል። ትንሽ ናት እንጂ አዛዥ ናት። ሕፃን የሚያድገው፣ ሴት ወር የምታየው፣ እናት ጡት የምታጠባው በሷ ትእዛዝ ነው። ያንቺ ላይ እብጠት በቅሎባታል። ስለዚህ እደጊ የሚለውን ትእዛዝ ማቆም አቅቷታል። አጥንትሽ፣ ድምፅሽ፣ ላብሽ፣ ራስ ምታትሽ፣ የቀረው ወርሽ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

እርግማን አይደለም ማለት ነው? ብዬ ጠየቅሁት። ታይፒስት ነኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ግን ጠየቅሁት።

"እርግማን ቢሆን እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄ በሽታ ነው፣ ስም አለው።"

ትንሽ ቀለል አለኝ። ወዲያው ቀጠለ። እብጠቱ የዓይኔን ጅማት እየተጫነ ነው። አ.አ. ቶሎ ካልሄድኩ እታወራለሁ። ስንት ጊዜ አለኝ? አላውቅም አለ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ቀበሌ። ፊቴን የሚመስል መታወቂያ ሳይኖር የይለፍ ወረቀት የለም፣ ያለ ይለፍ አ.አ. የለም። ሊቀመንበሩ የሐኪሙን ደብዳቤ አነበበ። ደብዳቤው ታማለች ይላል እንጂ ሌሊሴ ናት አይልም አለኝ። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት የሚያውቁኝ ሦስት ሰዎች ቀርበው እኔ መሆኔን ፈርመው ይመስክሩ አለ።

ኦቦ ገመቹ እሺ አሉ። ጎረቤቴ ወ/ሮ አሰለፈችም እሺ፤ ጠበልም አብረን እንሂድ አሉ። ሦስተኛ አስቴርን ጠየቅሁ፣ ሚዜዬን። ሠርጌ ቀን ፀጉሬን የሠራችኝ እሷ ናት። አለቀሰች። ወንድሟ በአፈሳ ከተወሰደ ወዲህ ቀበሌ ደጃፍ ስሟን መጻፍ ትፈራለች። አልተቀየምኳትም። ተቀይሜያታለሁ።

ጥር 25፣ ሰኞ

ሁለት ሰው ይዤ ቀረብኩ። ሦስተኛው የታለ? የለም። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል በሩ ላይ አዴ ዲንቄ። አቧራ በአቧራ ሆነዋል፤ ከጉደር በእግራቸው ነው የመጡት። ወ/ሮ አሰለፈች ልከውባቸው ኖሯል።

ሊቀመንበሩ ይችን ሴት ያውቋታል ወይ አላቸው። ፊቴን አላዩትም። እጄን ያዙና መዳፌን አዩ።

"ኢሼዳ። እሷው ናት። የልጄ ሚስት ናት።"

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ወጥተን ላቅፋቸው ስል ፈንጠር አሉ። አሁንም ይፈሩኛል። ፈርተው ግን መጥተዋል።

አዲስ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ፣ ጋሼ አለኝ። ጋሼ! መጀመሪያ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። አ.አ.

ቶላሳ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ነው። አውቶቡስ ተራ ስንገናኝ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። የኬላውንም፣ የወር አበባዬ መቅረቱንም ነገርኩት። ለምን ብቻሽን ቻልሽው አለኝ።

ዛሬ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወደ ብርሃኑ ይዞ አሳየን፦ ዕጢዋ የምትቀመጥባት የአጥንት ጎድጓዳ ተለጥጣ ሰፍታለች። ቶላሳ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። እኔ አየሁት። የገዛ ራስ ቅሌን። ማታ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆን?

የካቲት 5፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ቀዶ ሐኪሙ አልደበቁንም። ግንባር ተከፍቶ ነው። ላልነቃ እችላለሁ። ነቅቼ ላላይ እችላለሁ። ካልተቀደድኩ ግን መታወሬ አይቀርም። ከዳንኩም ዕድሜ ልክ ኪኒን። ፊቴስ አልኳቸው። አጥንት ያደገውን አይመልስም፣ እንደዚሁ ትቆያለሽ አሉኝ። ልጅስ? ቃል አልገባም አሉ።

ነርሷ ቅጹን አመጣች፣ ለቶላሳ ዘረጋችለት። ቤተሰብ ነው የሚፈርመው አለች። ብዕሩን ያዘ፣ ጫፉ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አየኝ። ሌሊሴ፣ እንተወውና ወደ አምቦ እንመለስ፣ እንደዚሁ እንኑር አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይኖር ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ከሁለቱም ወገን ጨለማው እየቀረበኝ ነው።

ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩ። ነርሷ ልትናገር ነበር፣ ግን ቅጹን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ጣቶቼ ወፍራም ናቸው፣ ስሜ ከመስመሩ ወጣ።

ፈርቻለሁ። ፈርሜያለሁ። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ጠዋት ነው።