ሄዶ ተመላሹ ሮኬትና የአባዬ ዋስትና

ሰኞ፣ የካቲት 10

ክንፉ ተቃና። ጋሽ ጌታሁን ከሥሩ እንጨት ደግፈው ቀስ እያሉ በመዶሻ መቱት፤ አሁን ከሦስቱ ክንፎች የተጣመመው የትኛው እንደነበር ለይቶ የሚያውቅ የለም። እሳቸው በቀየት ከተማ ባለው ኮሌጃችን የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ባለሙያ ናቸው፣ እኔ የመካኒክስ አስተማሪ። ሮኬቱ የሁለታችንና የስድስት ተማሪዎቻችን ነው።

ሮኬት ስል እኔንም ያስቀኛል። ቁመቱ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። እሳት የለውም። ግማሹ ውሃ ነው፣ ግማሹ ከጎሚስታው በተዋስነው የእግር ፓምፕ የታመቀ አየር። መድፈኛው ሲለቀቅ ውሃው ወደ ታች ይተፋል፣ እሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ቁም ነገሩ መውጣቱ አይደለም፣ መመለሱ ነው። ጫፍ ሲደርስ አናቱ ተከፍቶ ከጃንጥላ የሠራነው ፓራሹት ይዘረጋል፤ ያው አካሉ ሳይሰበር ያርፍና ሌላ ቀን እንደገና ይበራል። እንግዲህ እንዲህ ነበር የታሰበው።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን በረራ ስንሞክር ፓራሹቱ አማረ፣ ተዘረጋ፣ ከዚያ ነፋሱ ይዞት ሄደ። የድንበሩን ካብ አልፎ ጓሳ ውስጥ ገባ። ተማሪዎቹ ተከትለውት ሮጡ። ጓሳ አገሬው በጋራ የሚጠብቀው የሣር መሬት ነው፣ ዘንድሮ ዝግ ነው፤ የአገሩ ሽማግሌዎች እስኪከፍቱት ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይገባበትም፣ ሰው ሣሩን አይረግጥም። ስድስት ወጣት እንደ ፈረስ ጋለበበት።

ዋሳችን አባዬ ናቸው። ቤታቸው ጓሳ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ከግጦሹ ሜዳ እንድናስወነጭፍ ሽማግሌዎቹን የለመኑልን እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱ። ለሁለተኛ ጊዜ ከካቡ ካለፈ፣ ጓሳ ሲከፈት የዋሱ ቤት ሣር አያጭድም። የአባዬ ቤት የሣር ክዳን ካረጀ ቆይቷል፤ ባለፈው ክረምት ከአልጋቸው ራስጌ ባልዲ አስቀምጠው ነው የተኙት። አባዬ እሺ ብለው ፈረሙ።

እስከ ዓርብ፦
ክንፍ (አለቀ)።
ጎሚኒ (የመድፈኛውን የላስቲክ ቀለበት) መቀየር፣ አየር ያስተነፍሳል።
ፓራሹት ማጥበብ (ጋሽ ጌታሁን)።
የነፋሱን ትንበያ ማየት (እኔ)።

ፓራሹቱ ከመጠን በላይ ሰፍቶ ነው የተንሳፈፈው። ይህንን በተማሪዎቹም በሽማግሌዎቹም ፊት ተናግሬያለሁ። ለክተው የሠሩት ጋሽ ጌታሁን አንገታቸውን ደፍተው ይሆናል አሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አዲሱ ጎሚኒ ያዘ። ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆነ እንጂ አንዲት የአየር አረፋ አላመለጠችም። ትንሽ ድል፣ ግን ድል።

ጋሽ ጌታሁን ጃንጥላውን ቆረጡት። ጃንጥላው የባለቤታቸው ነበር። ሴትየዋ ጃንጥላሽ ሰማይ ደርሶ መጣ ሲሏቸው ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ሁሉ አውርተው ነበር አሉ፤ አሁን መቆረጡን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ። ከሁለተኛ ፎቅ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስረንበት ጣልነው። ከበድ ብሎ ወረደ፣ መሬቱንም ጓ አደረገው። ጋሽ ጌታሁን አዩኝ። ሩቅ ከሚሄድ ቶሎ ይውረድ አልኩ። መቀሳቸውን ጠርገው ቦታው ላይ ሰቀሉት።

ዝም የሚሉ ሰው ናቸው። ዝምታቸውን እንደ መስማማት መቁጠር ለምጃለሁ።

ረቡዕ፣ ሚካኤል

ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ዛሬ ስልኬ ላይ የነፋሱን ትንበያ ከፈትኩ። 9:00 ላይ ነፋሱ ጸጥ ያለ ነው፣ ከዚያ እየጨመረ ይሄዳል፣ 15:00 ላይ ይብሳል። ከባለፈው ጋር ላስተያየው ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ «9:00፣ ነፋስ የለም» ይላል። እኛ ደግሞ ያስወነጨፍነው ምሳ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ክው አልኩ። የስልኩ ዘጠኝ ሰዓት የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ስድስት መቀነስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ተማሪ ሲሳሳት የምቆጣውም እኔው ነኝ። በጥድፊያ ከስልኩ ገለበጥኩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የገዛ ደብተሬን በአገሬ ሰዓት አነበብኩ፣ ሮኬቱንም ጓሳ ላይ ነፋስ ከሚበረታበት ሰዓት ጋር አገናኘሁት። የፓራሹቱ ስፋት ልክ ነበር። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

እውነቱን እጽፋለሁ፣ ይህን የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝና። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነው። ሰዓቱን ወደ ጠዋት እለውጣለሁ፣ «ለጥንቃቄ» እላለሁ፣ ማን ያውቃል? ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይህን ሐሳብ አሽሞነሞንኩት። ግን ጃንጥላው ተቆርጧል። በተቆረጠው ከበረረ ወርዶ ይከሰከሳል፣ እንደገናም አይበርም። ያንን ተሻግሬ እንኳ፣ የጋሽ ጌታሁን «ይሆናል» ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በልጆቻቸው ዕድሜ ያለሁ ሰው በተማሪ ፊት አሳፈርኳቸው፤ በማያውቁት ጥፋት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ነገርኳቸው። ቶርኖው ላይ ነበሩ። ጋሽ ጌታሁን፣ ፓራሹቱ ልክ ነበር፣ ሰዓቱን ነው የተሳሳትኩት አልኩ። ማሽኑን አጠፉ። እጃቸውን በጨርቅ ጣት በጣት ጠረጉ።

«ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት። ይሆናል ያልኩሽ አስተማሪዋ አንቺ ስለሆንሽ ነው።»

ይቅርታ አልኩ። እሳቸውም እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉ፣ ፊታቸው ግን ወዲያው አልተፈታም። እንዲፈታ መጠበቄም ልክ አይደለም። ከዚያ መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው የተቆረጠውን የጃንጥላ ጠርዝ አወጡ። አጣጥፈው አስቀምጠውታል። አልጣሉትም ነበር።

ለተማሪዎቹም ነገርኩ። አንዷ ስታጉረመርም ሰምቻለሁ፤ እኛ ስድስት ሰዓት መቀነስ ስንረሳ ስድስት ማርክ ትቀንሺብን የለ ወይ አለች። እውነቷን ነው። እስከ ምሳ ጠርዙን መልሰው ሰፉት። ከፎቅ ጣልነው፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

ከምሳ በኋላ በፒክአፕ፣ የቀረውን በእግር፣ ወደ አባዬ ሄድኩ። ሰምተው ሲያበቁ ለእኔ የነገርሽኝን ለሽማግሌዎቹም ትነግሪያለሽ ብለው ዱላቸውን አነሡ። ከሽማግሌዎቹ ይበልጥ የሚከበሩት አቶ ወንድይራድ ቤት ሄድን። ቆሜ ተናገርኩ። ባለፈው ጨርቁ ነው ያልኳችሁ ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የስልኩን ሰዓት በእኛ ሰዓት አነበብኩት አልኩ።

«የፈረንጅ ሰዓት ነው በይኛ» አሉ አቶ ወንድይራድ።

አዎ አልኩ።

«ነፋሱን እኛን ብትጠይቂን ምን ነበረበት? ከሰዓት በኋላ ጓሳ ላይ በግ እንኳ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቆም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ነፋስ ስልኬን ጠይቄያለሁ፤ እዚህ ሲኖሩ ያረጁትን ሰዎች አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ፀሐይ ሳይሞቅ፣ አንድ ሰዓት ላይ አድርጉት አሉ። ፍርዱ ግን እንዳለ ነው። ካቡን ካለፈ አባዬ ሣር የላቸውም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አባዬ ቤት አደርኩ፤ ጋሽ ጌታሁንና ተማሪዎቹ ሮኬቱን ይዘው ገና ሳይነጋ ደረሱ። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ነፋስ የሚባል የለም። ጥሩ ስንል ሌላ መጣ፤ ብርዱ ጎሚኒውን አደረቀውና አየሩ ከሥር ሲስ ይላል። ፓምፑን ቢረግጡት ቢረግጡት ሮኬቱ አይሞላም። ፀሐዩ እስኪያለሰልሰው ብንጠብቅ ነፋሱ ይነሣል።

አባዬ የደረቡትን ባና አውልቀው ሰጡን። የመንዝ ሱፍ ነው፣ ከባድ። ጋሽ ጌታሁን ከቴርሞሱ ሙቅ ውሃ ጎሚኒው ላይ አፈሰሱና ግርጌውን በባናው ጠቀለሉት። ቆምን። አባዬ በነጠላ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይናቸው ካቡ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲስታው ቆመ።

ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ ፓምፑን ረገጡ። ጋሽ ጌታሁን ገመዱን ሳቡ። ካሰብኩት በላይ ፈጥኖ ሄደ፤ ውሃው ፊታችን ላይ ተረጨና ቀና ስል ነጥብ አክሎ ነበር። አናቱ ተከፈተ። ጃንጥላው ተዘረጋ። የስፌቱን መስመር ከታች ማየት ይቻላል፣ አልተተረተረም። ሊታዘቡ የመጡት አቶ ወንድይራድ ቆባቸውን አውልቀው ሽቅብ ያያሉ።

ከዚያ ትንሽ ነፋስ፣ ትንሽ ብቻ፣ ከገደሉ በኩል መጣ። ሮኬቱን ወደ ካቡ ገፋው። አባዬ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሮኬቱ ካቡ ሥር ከእኛ ወገን አረፈና ድንጋዩን ተደግፎ ቆመ። ጃንጥላው ግን ካቡን ተሻግሮ ዝጉ ሣር ላይ ተነጠፈ።

እግሬ ሊነሣ ሲል አባዬ ክንዴን ያዙኝ። ጋሽ ጌታሁን ካቡ ሥር ተንበርክከው ክሮቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ጨርቁን ወደ እኛ አመጡት። አቶ ወንድይራድ ጎንበስ ብለው ከወዲህ ሆነው ማዶ ያለውን ሣር አዩ፣ ብዙ አዩ።

«የተከለከለው እግርና ማጭድ ነው። ጨርቅ አልተነሣም። ነገር ግን ብቻዬን አልፈርድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንቀመጣለን።»

ሮኬቱን አገላብጬ ፈተሽኩት። አንድ ጭረት ብቻ። ዛሬውኑ ሊደገም የሚችል ነው። መደሰት ነበረብኝ። አባዬ እስከ ቤት ካቡን ዞር ዞር ብለው እያዩ ሄዱ፤ ምን ሆኑ ብላቸው ብርድ ነው አሉኝ።

እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ የአባዬን ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።

ዛሬ ክብረ በዓሉም ቅበላውም አንድ ላይ ስለሆነ ደብሩ ሞልቷል። ጋሽ ጌታሁን ነጭ ለብሰው ከቀየት መጥተዋል፤ ለመሳለም ነው አሉኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጥዱ ሥር ተቀመጡ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አንደኛው አጥብቀው ተከራከሩ። ዛሬ ጨርቅ፣ ነገ ገመድ፣ ከነገ ወዲያ በግ ይገባል አሉ። አልፈረድኩባቸውም፤ ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው እንዲህ በሚሉ ሰዎች ነው።

አቶ ወንድይራድ መጨረሻ ላይ ተናገሩ። ሣሩ አልተረገጠም፣ ልጅቷም ሳትጠየቅ ጥፋቷን መጥታ ተናግራለች፣ የአባቷ ቤት ሣሩን ያጭዳል አሉ። ሌሎቹም ይሁን አሉ። አባዬ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንዲያ ሲደክማቸው አይቼ አላውቅም፤ ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ልባቸው ተሰቅሎ ነበር።

«የእሳቸው ዋስትና ግን እዚህ ላይ ያበቃል» አሉ አቶ ወንድይራድ ወደ እኔ ዞረው። «አንድ ሰው ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ሦስተኛ ማስወንጨፍ ካማረሽ ሌላ ዋስ አምጪ።»

ማንን አመጣለሁ ብዬ ሳስብ፣ ከወንዶቹ መሐል ጋሽ ጌታሁን ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔ አለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ አይተው፣ «ሰዓቱን ግን የማየው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባዬም ሳቁ። እኔ አላለቅስም ብዬ ነበር የመጣሁት።