አሥራ ሰባተኛዋ ሴት

የጄሮኖ እናት፣

ገባላት! ዛሬ ጠዋት የልጃችን የመመረቂያ ጽሑፍ ገባላት! የካምፓሱ መረከቢያ በር የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ነው፤ እኛ የደረስነው ሰባት ደቂቃ ሲቀረው። ከባራሳ ማተሚያ ቤት ጀምሮ በኪራይ ሞተር ስንበር፣ እኔ ጥራዙን በጃኬቴ ሸፍኜ፣ እሷ ከኋላዬ “ባባ፣ አጥብቀህ ያዝ!” እያለች።

ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ኪታሌ ገበያ ላይ ዝናቡ ቲማቲምሽን አላበላሸብሽም? እኛ ደህና ነን። ላሟም ወልዳለች።

በተራ ልንገርሽ። አንደኛ፣ ካምፓስ ያሉት አራሚዎች በገጽ ነው የሚያስከፍሉት። ጄሮኖ “የወተት ማኅበሩን መዝገብ ሃያ ዓመት የያዘ አባት እያለኝ ለማን ብዬ እከፍላለሁ?” አለችኝ። ኮራሁ። ሁለተኛ፣ ሰማንያ ስድስቱን ገጽ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስጠጋሁ በቀይ እስክርቢቶ አረምኩ። እሷ ለልምምድ ሩቅ ስለነበረች እርማቴን ኮምፒዩተር ላይ የሚያስገባው ባራሳ ነበር። ሦስተኛ… ሦስተኛው ይከብደኛል።

ጽሑፉ ትምህርት አቋርጠው ገበያ ስለወጡ አርባ ሴቶች ነው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። አሥራ ሰባተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ “ባሌ ክብሪት ሳይቀር ዝርዝር ላይ ይጽፋል። የኔ ትምህርት ግን አንድም ቀን ዝርዝሩ ላይ ወጥቶ አያውቅም።”

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚታረም የለውም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደለችውም። በቀዩ ሰረዝኩት። ባራሳን “ይቺን አጥፋት፣ ድግግሞሽ ናት” አልኩት። ከሷ በኋላ ያሉትንም ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። የሴቶቹን ብዛት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ግን ረሳሁት።

ዛሬ ጄሮኖ ከአውቶቡስ እንደወረደች ባራሳ ዘንድ መጣች። ሊጠረዝ ሲል ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቀጥ አለች።

“ባባ፣ ሠንጠረዡ አርባ ይላል፣ እዚህ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አንዷን የት አደረስካት?”

ባራሳ ሁለት እጁን አነሳ። “እኔ የለሁበትም! ሴትዮዋን ያባረራት አባትሽ ነው!” ብሎ ይስቃል። እሱ ምን ያውቃል።

ላብ አጠመቀኝ። “ሠላሳ ዘጠኝ በሉት” ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እጄ ኪሴ ገባ። የሰረዝኩባትን ገጽ መጣል አቅቶኝ አጣጥፌ ይዣት ነበር።

“ስህተቱ የኔ ነው” አልኩ። “ያለችው ልክ ነው። አንድ ቃል ሳትነኩ መልሷት።”

ጄሮኖ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ገጿን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ “ባራሳ፣ ቶሎ በል እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ!” ብላ ጮኸች። እኔም አብሬ ጮህኩ።

ቤት ስንገባ ለደስታ የሚጠጣውን እርጎ፣ ሙርሲኩን፣ ከቅሉ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ጎረቤቱ በእልልታ አቀለጠው። ያንቺን ድርሻ በትንሿ ቅል አስቀምጫለሁ።

ዝናቡ በልኩ ይዝነብልሽ። ገበያሽ ይቅናሽ። ልጅሽን ካባ ለብሳ ለማየት ያብቃሽ።

የጄሮኖ አባት

የተከፈለ፦ ሕትመት፣ ጥራዝ፣ ሞተር።
ያልተከፈለ፦ ያኔ ጊደር የገዛሁበት ያንቺ የፎርም ሦስት የትምህርት ቤት ክፍያ።