አንድ ጊዜ ብቻ የጻፍኩት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ቢደክምም ስምህ ሲነሳ ግን ትሰማለች። እህታችንን ደህና ናት ብዬ ልጽፍልህ አልችልም። በስልክ ስትጠይቀኝ ጉንፋን ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ ይቅር በለኝ።

እንደምታውቀው በጫማ ፋብሪካው ሶል ማጣበቂያ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታለች። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ተመርጓል። ቀኑን ሙሉ የማስቲሽ ቆርቆሮ ክፍት ነው። ዛሬ ከበራችን እስከ ውሃ ቧንቧው ስትሄድ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ሳንባዋ ወደ ቀድሞው አይመለስም ብሎናል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሕመሟ ብቻ አይደለም፤ የእኔም እጅ ስላለበት ነው።

ጫማውን የሚገዛው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አንተ ያለህበት ከተማ ነው። አምና የሠራተኞቹን ድምፅ መስማት እንፈልጋለን ብሎ ላከ። ከፋብሪካው ውጭ የሚታመን ጸሐፊ ሲፈለግ ሠራተኞቹ እኔን መረጡ፤ ግማሾቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። ሦስት ቀን ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሠላሳ አንድ ሰው ቃል ተቀበልኩ። ቆዳ ቆራጩ፣ “መምህር፣ ስንት ከስንት ሊሰጡን ነው?” እያለ ያስቃቸው ነበር። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ዘጠኙ የነገሩኝ ስለ ማስቲሹ ሽታና ስለ መስኮቱ ነው። እህታችንም ስተኛ ደረቴን ይጫነኛል ብለህ ጻፍልኝ አለችኝ።

ከዚያ ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? አርባ ዓመት ሙሉ “አንድ ሐሳብ አትደጋግሙ” እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው፣ የአሥራ ዘጠኙን ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር አደረግኩት። “በማጣበቂያ ክፍል የአየር እጥረት መኖሩ ተገልጿል” ብዬ በተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ መብራት ቀጥሎ አሰፈርኩ። ማን እንዳለው፣ ስንት ሰው እንዳለው አልጻፍኩም። እንዲያውም በጽሑፌ ኮርቼ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። መብራቱ ይተከላል፤ በተራ ቁጥር አሥራ አንድ የተነሳው የአንድ ሠራተኛ አስተያየት ግን ለመጪው ዓመት ተይዟል ይላል። እነሱም ቢሆኑ አንድ ቀን መጥተው የክፍሉን በር ከፍተው ቢያሸቱ ኖሮ የእኔ ወረቀት ባላሳታቸው ነበር። ወረቀት ሄዶ ወረቀት ሲመለስ ሰዎቹ መሀል ላይ ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት እህታችን ያኔ የላክነውን ጽሑፍ ቅጂ አንብብልኝ አለችኝ። አንብቤ ጨርሼ ሳጥፈው፣ የእኔስ የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጣቴን ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ አደረግኩ። አየችው፣ አየችውና ጽሑፉስ ያምራል አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሎቹ አሥራ ስምንቱ ዛሬም እዚያው ክፍል ናቸው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ቃላቸውን እንደገና ወሰድኩ፤ ስህተቱንም ድግግሞሹንም አልነካሁም። ቆዳ ቆራጩ ሲያየኝ፣ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” አለኝ፤ የዚያን ቀን አልሳቀም። ወረቀቶቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። አደራህን፣ ኩባንያው በር ላይ ለዘበኛ ሰጥተህ አትመለስ። ኃላፊነት ያለበት ሰው ፊት ተቀምጠህ አንድ በአንድ አንብብለት፤ መጥተው ክፍሉ ውስጥ እንዲቆሙም ጠይቅልኝ።

ወረቀቶቹን ስትቆጥር አሥራ ስምንት ቢሆኑ የጎደለ አይምሰልህ። የእህታችንንም ልጽፍ ወረቀት ይዤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣

“አንዴ ነግሬሃለሁ፣ ጋሼ” አለችኝ።

ባለቤትህን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ትልቁን ልጅህን በርታ በልልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። እናታችን ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ትላለች። እህታችንም ሰላም ብላሃለች።

ታላቅ ወንድምህ
ከእናታችን ቤት፣ ግንቦት ፱ ቀን